ስልክና ኮምፒውተር በልጆቻችን ትምህርት ቤት

በቡሬ፣ በፍኖተ ሰላም፣ በማንኩሳ፣ በደምበጫና በየገጠሩ ቀበሌ ራዲዮ ከብባችሁ የተቀመጣችሁ እናቶችና አባቶች፣ ወንድሞችና እኅቶች፣ እንደምን አመሻችሁ? ይህን ንግግር ኋላ በወረቀት ታትሞ ለምታነቡትም ሰላምታዬ ይድረሳችሁ። በቅርብ ጊዜ ፊደል የቆጠራችሁ ሰዎች ቀስ ብላችሁ አንብቡት። የሚያስቸግር ቃል ቢገጥማችሁ ከሥሩ ጭረት አድርጉበት። ከዚያም አስተማሪያችሁን ጠይቁ። መጠየቅ አያሳፍርም።

እኔ የአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት መምህር ነኝ። ከመምህራን ማሠልጠኛ ከወጣሁ ጀምሮ የማስተምረው የገጠር ልጆችን ነው። የዛሬው ንግግሬ ስለ ኮምፒውተርና ስለ እጅ ስልክ ነው። «ይህ የከተማ ወሬ ነው፤ ለእኛ ምናችን ነው?» የሚል ሰው አይጠፋም። እስቲ መጀመሪያ አንድ ነገር ላጫውታችሁ።

የእናትየው ጥያቄ

አንድ እሑድ ከቤተ ክርስቲያን ስንወጣ አንዲት እናት ጠሩኝ። የመሠረተ ትምህርት ተማሪ ናቸው። «መምህር» አሉኝ፤ «ልጄ ሰባተኛ ክፍል ገባ። የእጅ ስልክ ካልገዛሽልኝ ከጓደኞቼ ወደ ኋላ ቀረሁ፤ ትምህርቱ ሁሉ በስልክ ሆኗል ይለኛል። ያለችኝ አንዲት ጊደር ናት። ልሽጣት ወይስ ይቅርብኝ? አንቱ ተምረዋልና ይምከሩኝ።»

ወዲያው መልስ መስጠት አልደፈርሁም። ጊደር ማለት የነገ ወተት ናት። የነገ በሬም ከእርሷ ይወለዳል። «ይሽጡ» ብዬ ልጁ ምንም ሳይማርበት ቢቀር ጥፋቱ የእኔ ነው። «አይሽጡ» ብዬ ልጁ ከእኩዮቹ ቢያንስም ጥፋቱ የእኔ ነው። ስለዚህ «እናቴ፣ አንድ ሳምንት ይስጡኝ፤ አስቤበት እነግርዎታለሁ» አልኋቸው።

ያን ሳምንት ያሰብሁትን ነው ዛሬ የምነግራችሁ። ጥያቄው የእርሳቸው ብቻ አይደለምና።

ኮምፒውተር ምንድን ነው?

ኮምፒውተር ጽሑፍን፣ ቁጥርን፣ ሥዕልንና ድምፅን የሚያስቀምጥ መሣሪያ ነው። ሲታዘዝ ያሰላል፤ ሲታዘዝ ያሳያል። ያልታዘዘውን አይሠራም። ዛሬ ወጣቶች የሚይዙት መስታወት ፊት ያለው የእጅ ስልክ በኪስ የሚያዝ ኮምፒውተር ነው። ታብሌት የሚሉትም እንደዚያው ነው፤ ልዩነቱ እንደ መጽሐፍ ሰፋ ማለቱ ነው።

የእኛ ፊደልም በዚህ መሣሪያ ይጻፋል። ይህ ግን በአንድ ቀን የመጣ አይደለም። ኢትዮጵያውያን ባለሙያዎች በአገር ውስጥም በውጭም ሆነው ብዙ ዓመት ደክመውበታል። በፈረንጆች አቆጣጠር በ1999 የግዕዝ ፊደል ዩኒኮድ በሚባለው ዓለም አቀፍ የፊደላት መዝገብ ውስጥ ገባ። ከዚያ ወዲህ በቡሬ የተጻፈ «ሀ» በባሕር ዳርም፣ በአሜሪካም ያው «ሀ» ሆኖ ይነበባል።

እናንተ በሰሌዳ ላይ «ለ፣ ሉ፣ ሊ፣ ላ፣ ሌ፣ ል፣ ሎ» ብላችሁ የቆጠራችሁት ቤተሰብ በስልክም ላይ አለ። በብዙ ስልኮች «ለ»ን ስትነኩ የቀሩት ስድስቱ ወንድሞቿ ብቅ ይላሉ። እንግዲህ ፊደል የቆጠረ ሰው ለስልክ ባዕድ አይደለም። ፊደል ያልቆጠረ ግን ስልክ በእጁ ይዞም ሌላ ሰው እንዲያነብለት ይለምናል።

ከዚህ በፊት ምን ሆነ?

ገበሬ አዲስ ዘር ሲያመጡለት «ባለፈው የመጣውስ ምን ሆነ?» ብሎ ይጠይቃል። እኛም እንጠይቅ። ለትምህርት ተብሎ የመጣ መሣሪያ ይህ የመጀመሪያው አይደለም።

መጀመሪያ ራዲዮ መጣ። በሐምሌ ወር 1971 ዓ.ም. ብሔራዊ የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ተጀመረ። ትምህርቱ መጀመሪያ በ5 ቋንቋዎች ተሰጠ፤ ኋላ ቋንቋዎቹ 15 ደረሱ። በ1972 ዓ.ም. ማብቂያ አገራችን ለዚህ ሥራ በዩኔስኮ በኩል ዓለም አቀፍ ሽልማት አገኘች። በዚያ ዘመቻ ራዲዮ ረድቷል። ይሁን እንጂ ራዲዮ ብቻውን ማንንም አላስነበበም። ከራዲዮው አጠገብ ጠመኔ የያዘ አስተማሪ ነበረ። ከአስተማሪው ፊት ደግሞ ከእርሻ ውሎ ደክሞት የመጣ፣ ሆኖም ደብተሩን ያልጣለ ጎልማሳ ነበረ።

ቀጥሎ ፕላዝማ መጣ። ይህን በዓይኔ ያየሁት ነው። በ1997 ዓ.ም. ዘጠነኛ ክፍል ስገባ በመማሪያ ክፍላችን ግድግዳ ላይ ትልቅ ቴሌቪዥን ተሰቀለ። ትምህርቱ በሳተላይት ይመጣል። በመላ አገሪቱ ያለ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ በአንድ ሰዓት አንድ ትምህርት ያያል። ሐሳቡ መልካም ነበር። የገጠር ልጅ ቤተ ሙከራ የለውም፤ ፕላዝማው ግን የኬሚስትሪውን ሙከራ ያሳየዋል። የልብን አመታት፣ የምድርን ዙረት በሥዕል ያሳየዋል። ይህን አልክድም። የሰው ልብ ሲመታ ያየሁት መጀመሪያ በዚያ ነው።

ችግሩስ ምን ነበር? ትምህርቱ በእንግሊዝኛ ነበር፤ ፍጥነቱም ከእኛ ጆሮ በላይ ነበር። በቴሌቪዥኑ ያለው መምህር ይጠይቃል። ጥቂት ይጠብቃል። ከዚያም «በጣም ጥሩ» ብሎ ያልፋል። እኛ ግን ጥያቄውን ገና እየጻፍን ነበርን! እጅ ብናወጣ አያየንም፤ «አልገባኝም» ብንል አይሰማንም። የክፍላችን መምህር ደግሞ ጥግ ላይ ቆሞ ያያል። ግማሽ ሰዓት ያህል የሚሆነውን ጊዜ ቴሌቪዥኑ ስለሚወስደው ለእርሱ የሚቀረው መግቢያና መዝጊያው ብቻ ነበር። መብራት የጠፋ ዕለት ደግሞ ትምህርቱ ራሱ ጠፋ።

አንድ ቀን መብራት ሄደ። የሒሳብ መምህራችን ጠመኔ አነሣ፤ ያለፈውን ሳምንት ትምህርት በአማርኛ እየቀላቀለ ከመጀመሪያው አስረዳን። ያን ቀን ነው የገባኝ። በልቤም «ምነው መብራቱ በየቀኑ በጠፋ» አልሁ። ዛሬ ግን እንዲህ አልልም። የዛሬ ሐሳቤ «ምነው ቴሌቪዥኑና መምህሩ ተራ በተራ በሠሩ» የሚል ነው።

ከዚያ በኋላ ላፕቶፕ መጣ። ላፕቶፕ ተጣጥፎ የሚያዝ ኮምፒውተር ነው። በ2000 ዓ.ም. ገደማ «ለእያንዳንዱ ሕፃን አንድ ላፕቶፕ» የሚል የውጭ ድርጅት ያሠራቸው ነጭና አረንጓዴ ትንንሽ ላፕቶፖች በሺህ እየተቆጠሩ ወደ አገራችን ገቡ። ሕፃናቱ በጣም ተደሰቱ። ነገር ግን በቂ ሥልጠና ያላገኘ መምህር በክፍሉ ውስጥ ምን ያድርግበት? ልጆቹ ሥዕል ሲያነሡና ሲጫወቱ ትምህርቱ ይታወካል፤ መምህሩም «ክደኑ» ይላል። ፔሩ የምትባል የደቡብ አሜሪካ አገር ከ800 ሺህ በላይ እንዲህ ያሉ ላፕቶፖች አደለች። በፈረንጆች 2012 የወጣ ጥናት ግን ላፕቶፕ ያገኙት ልጆች በሒሳብና በቋንቋ ፈተና ካላገኙት እንዳልበለጡ አሳየ።

በ2004 ዓ.ም. ይኸው ድርጅት ሌላ ሙከራ አደረገ። በኦሮሚያ በወንጪና በወለንጭቲ አካባቢ፣ ትምህርት ቤት በሌለባቸው ሁለት መንደሮች፣ ለእያንዳንዱ መንደር ሃያ ያህል ታብሌት ሰጠ። የፀሐይ ኃይል መሙያም አብሮ ሰጠ። አስተማሪ ግን አልሰጠም። የድርጅቱ መሥራች ኒኮላስ ኔግሮፖንቴ እንደተናገሩት አንድ ልጅ በአራት ደቂቃ ውስጥ ካርቶኑን ከፍቶ ማብሪያውን አገኘ። በሁለት ሳምንት ውስጥም ልጆቹ የእንግሊዝኛውን ፊደል በዜማ አወጡት። ይህ ምን ያስተምረናል? የገጠር ልጅ አእምሮ የሚያንሰው ነገር እንደሌለ ያስተምረናል። ነገር ግን ፊደልን በዜማ ማውጣትና አንብቦ መረዳት አንድ አይደሉም። ይህንንም እናንተ ራሳችሁ ታውቃላችሁ። ከሀ እስከ ፐ ከቆጠራችሁ በኋላ የመጀመሪያውን ዓረፍተ ነገር ለማንበብ ስንት ምሽት ፈጀባችሁ?

በቃል መያዝና ማንበብ

አሁን በእኔ ክፍል የሆነውን ልንገራችሁ። ሁለተኛ ክፍል ሳስተምር አንድ ጎበዝ ልጅ ነበረኝ። መጽሐፉን ሲያነብ እንደ ውኃ ይፈስሳል። አንድ ቀን አጠገቡ ስደርስ መጽሐፉን ዘቅዝቆ ይዞታል! ንባቡ ግን አንድ ቃል አልተዛነፈም። ለካስ ገጹን ከታላቅ እኅቱ ሰምቶ በቃሉ ይዞት ነው።

አልተቆጣሁትም። በቃል መያዝ በእኛ አገር ትልቅ ሙያ ነው። ጎጃም የቅኔ አገር ነው፤ ተማሪው ቅኔውን የሚቆጥረው በልቡ እንጂ በወረቀት አይደለም። ሆኖም ልጁ ማንበብ አልቻለም ነበርና ማስተማር ነበረብኝ። የእጅ ስልኬን አወጣሁ። የገጹን ቃላት ወስጄ ቅደም ተከተላቸውን አዛንቄ ጻፍሁለት። «ላሟ ሣር በላች» የሚለውን «ሣር ላሟ አልበላችም» አደረግሁት። ልጁ ዝም አለ። ከዚያም ጣቱን እያስኬደ ፊደል በፊደል ጀመረ። በየቀኑ አዲስ ዓረፍተ ነገር እጽፍለት ነበር። ሲያነብ ድምፁን በስልኩ እቀዳለሁ፤ መልሼም አሰማዋለሁ። የተሳሳተበትን ቦታ ራሱ እየሰማ «እዚህ ጋ ዘለልሁ» ይል ጀመር። ከወር በኋላ ያላየውን ገጽ አነበበ።

እዚህ ላይ አስተውሉ። ስልኩ አንድ ነበር፤ በክፍሉ ያሉት ልጆች ከስልሳ በላይ ነበሩ። በዚያ አንድ ስልክ ድምፅ ቀዳን፤ የበቆሎ ተባይ ፎቶግራፍ አንሥተን በትልቁ አየን፤ የሒሳብ መልሳችንን አረጋገጥን። ኢንተርኔት አላስፈለገንም። መልካም ሥራ የሠራው ግን ስልኩ ብቻውን አይደለም። ልጁ መጽሐፉን መዘቅዘቁን ያየው የመምህር ዓይን ነው።

እንግዲያስ ስልኩ ይቅር?

አይደለም። ይህን ያህል ተናግሬ «መሣሪያ አያስፈልግም» ብል ልጆቻችሁን በደልኋቸው ማለት ነው። ሦስት ምክንያት አለኝ።

አንደኛ፣ ፈተናው ተለውጧል። ከ2016 ዓ.ም. ጀምሮ የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ከወረቀቱ ጎን ለጎን ለተወሰኑ ተማሪዎች በኮምፒውተር መሰጠት ጀምሯል። የከተማ ልጅ ኮምፒውተር ሲነካ ያደገ ነው። የእኛ ልጅ የመጀመሪያውን ኮምፒውተር የሚያየው በፈተናው ዕለት ከሆነ ግን እጁ ይንቀጠቀጣል። ትምህርቱን እያወቀ ይወድቃል። ይህ ፍትሕ አይደለም። በየትምህርት ቤቱ ተቆልፎ የሚቀመጥ ኮምፒውተር ካለ ይከፈት ብለን መጠየቅ አለብን።

ሁለተኛ፣ ትምህርት ቤት የሚዘጋበት ክፉ ቀን አለ። በመጋቢት 2012 ዓ.ም. በኮሮና በሽታ ምክንያት የአገሪቱ ትምህርት ቤቶች ሁሉ ተዘጉ። ያን ጊዜ ትምህርት በራዲዮና በቴሌቪዥን ተሰጠ። ራዲዮ ያለው ቤት ልጅ ጥቂትም ቢሆን ተማረ፤ የሌለው ከከብት ኋላ ዋለ። ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ ደግሞ በክልላችን በተነሣው ግጭት ብዙ ትምህርት ቤቶች ተዘጉ፤ እጅግ ብዙ ልጆችም ከትምህርት ገበታ ራቁ። የእጅ ስልክ ኢንተርኔትም ለወራት ተቋርጦ ነበር። ከዚህ የተማርነው አንድ ነገር አለ። ትምህርቱ አስቀድሞ በስልኩ ሚሞሪ ካርድ ላይ ከተጫነ ኢንተርኔት ባይኖርም ይነበባል። መጽሐፍ ከሆነ ደግሞ መብራትም አይፈልግም። ስለዚህ መጽሐፉንም መሣሪያውንም አንድ ላይ እንያዝ።

ሦስተኛ፣ ስልክ ያለ ንባብ አደጋ ነው። ዛሬ ገንዘብ በቴሌብር ይላካል፤ ይህ አገልግሎት በ2013 ዓ.ም. ከተጀመረ ወዲህ ወደ ገጠርም ዘልቋል። «ሽልማት ደርሶዎታል፤ የምስጢር ቁጥርዎን ይላኩልን» የሚል የሌባ መልእክትም አብሮ መጥቷል። ማንበብ የማይችል ሰው ስልኩን ለማያውቀው ሰው ሰጥቶ «አንብብልኝ» ይላል። ምስጢሩንም አብሮ ይሰጣል።

በሌላው ዓለምም ስለዚህ ነገር ብዙ ክርክር አለ። ዩኔስኮ በፈረንጆች 2023 ባወጣው ሪፖርት፣ ስልክ ወደ ክፍል መግባት ያለበት ለትምህርቱ የሚጠቅም ሲሆን ብቻ ነው ብሏል። ከአራት አገሮች አንዱ የማይሞላው ያህል በትምህርት ቤት ስልክን በሕግ ወይም በመመሪያ ከልክሎ እንደነበረም ገልጿል። የሠለጠኑት አገሮችም ገና እያመዛዘኑ ነው። እኛም ማመዛዘን እንጂ መቸኮል አይገባንም።

በቤታችሁ ምን ታደርጋላችሁ?

አንደኛ። ልጃችሁ «ስልክ ለትምህርት ነው» ሲል «ለየትኛው ትምህርት?» ብላችሁ ጠይቁ። ትምህርት ቤት ሄዳችሁም መምህሩን ጠይቁ።

ሁለተኛ። ለእያንዳንዱ ልጅ አንድ ስልክ አያስፈልግም። በቤት ውስጥ ያለው አንድ ስልክ በሰዓት ይከፈል። ወንፈል ስንገባ በሬና ጉልበት እንደምንዋዋስ ሁሉ ጎረቤታሞች ልጆች በአንድ ስልክ አብረው ያጥኑ።

ሦስተኛ። ሴት ልጅን አትርሱ። ስልኩ ለወንዱ፣ እንስራው ለእርሷ ከሆነ አንድ ቤት ውስጥ ሁለት ዘመን አሳደግን ማለት ነው።

አራተኛ። ከመኝታ በፊት ስልኩ ከልጁ እጅ ይውጣ። ሌሊቱን ስልክ ሲያይ ያደረ ልጅ ጧት ክፍል ውስጥ ይተኛል። እኔ በየቀኑ አያለሁ።

አምስተኛ። የምስጢር ቁጥራችሁን ለማንም አትስጡ፤ ለመምህርም ቢሆን አትስጡ።

ስድስተኛ። ልጁ በስልኩ ያነበበውን ጮክ ብሎ ያንብብላችሁ። ከዚያ ስልኩን አኑሮ በራሱ ቃል ይንገራችሁ። መናገር ካልቻለ አላነበበም፤ አይቷል እንጂ።

ጊደሯስ?

ሳምንቱ ሲሞላ ወደ እናትየው ቤት ሄድሁ። ቡና ተፈልቶ ነበር። ያሰብሁትን ሁሉ ነገርኋቸው። «እናቴ፣ ጊደሯን አይሽጡ። የታላቅ ልጅዎ ስልክ ማታ ማታ ሥራ ፈትቶ ይቀመጣል። ያን ስልክ ለአንድ ሰዓት ለታናሹ ያስፈቅዱለት። የሰባተኛ ክፍል መጻሕፍቱን እኔ እጭንለታለሁ። ዋጋው ግን አንድ ነው፤ በየማታው ለእርስዎ አንድ ገጽ ያንብብልዎ፤ እርስዎም አንድ መስመር ያንብቡለት» አልኋቸው።

ልጁ መጀመሪያ አኮረፈ። የራሱን ስልክ ፈልጎ ነበርና። እናቱ ግን ጸኑ። አንዳንድ ማታ ስልኩ ኃይል ጨርሶ ይጠፋ ነበር፤ ያን ጊዜ መጽሐፉን ያወጣሉ።

ከጥቂት ወራት በኋላ መንገድ ላይ አገኘኋቸው። «መምህር፣ መልእክት መጣልኝ» አሉኝ። «ከልጄ መስሎኝ ነበር። አንድ በአንድ አነበብሁት። ‹ሽል… ማት› ይላል። ቀጥዬ ‹የምስ… ጢር ቁጥር› ላይ ስደርስ ነቃሁ። አጠፋሁት።» ይህን ሲናገሩ ሣቁ። ጊደሯም ያን ዓመት አረገዘች።

ውድ አድማጮች፣ መሣሪያ ይለወጣል። ብራና ነበረ፤ ሰሌዳ መጣ፤ ራዲዮ መጣ፤ ፕላዝማ መጣ፤ ዛሬ ስልክ ነው። ነገ ደግሞ ስሙን የማናውቀው ይመጣል። በመጣ ቁጥር ጌታው ማንበብ የሚችል ሰው ነው፤ ማንበብ የማይችል ሎሌው ይሆናል። ስለዚህ «ልጄ ይማር እንጂ እኔ አርጅቻለሁ» አትበሉ። ከልጃችሁ ጋር አብራችሁ አንብቡ።

ለዛሬው በዚህ አበቃለሁ። በሰላም እደሩ።

በንባብ ቡድናችሁ ተወያዩበት

1. በፕላዝማው ትምህርት ውስጥ ምን መልካም ነገር ነበረ? ምንስ ጎደለ?
2. ልጁ መጽሐፉን ዘቅዝቆ ይዞ እንዴት «ማንበብ» ቻለ? መምህሩስ ምን አደረገ?
3. በቀበሌያችሁ ትምህርት ቤት ኮምፒውተር አለ? ልጆች ይነኩታል ወይስ ተቆልፎበታል? ለማን አቤት ትላላችሁ?
4. እናንተ ብትሆኑ ጊደሯን ትሸጡ ነበር? ምክንያታችሁን በሁለት መስመር ጻፉ።